ረቡዕን ለልጆቻችን መልሱልን፦ ለዩኒቨርሲቲ ሆስፒታላችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣
ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ ልጆቻችንን በሆስፒታላችሁ የምናሳክም 43 ወላጆች ነን። የአንዳንዶቻችን ልጆች ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞባቸዋል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል። የሌሎቻችን ልጆች የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም ተወልደዋል። እሱ ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ሁለቱም ያለባቸው ልጆች አሉን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የኔ ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት።

በግልጽ ለመጻፍ አልቸኮልንም። ሁለት ጊዜ ቢሮ መጥተን "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። በሦስተኛው ጊዜ መዝገብ ቤቱ ማመልከቻችንን ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን። ከዚያ ወዲህ መልስ የለም። የሆስፒታሉንም የማንንም ስም እዚህ አልጠራንም። ማንንም ማሳጣት አንፈልግም፤ የምንፈልገው ውሳኔው እንዲስተካከል ነው።

ውሳኔው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ረቡዕ ለሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ብቻ ተለይቶ የነበረው የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ "ከአጠቃላይ ፕሮግራም ጋር ተዋህዷል" ይላል። ቀጥሎ የሕፃናት ኒውሮሰርጀኑ (የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ) "እንደማንኛውም የክፍሉ ሐኪም" በአዋቂዎች ተረኛነት ይመደባሉ ይላል። በመጨረሻም ለምርምርና ለመዝገብ ሥራ የተሰጣቸው የሳምንት ግማሽ ቀን ተነስቷል። ወረቀቱ ማኅተም አለው። ምክንያት ግን የለውም።

ባለፈው ወር ደግሞ ዶክተራችን፣ እኚሁ የሕፃናት ኒውሮሰርጀን፣ መልቀቂያ ማስገባታቸውን ሰማን። እሳቸው አልነገሩንም፤ ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም። የነገረችን የዋርዱ የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ እንባዋን እየጠረገች።

ረቡዕ ምን እንደነበረ እንንገራችሁ። ማክሰኞ ማታ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይተኛሉ። ጡት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚከለከል ነርሷ ለእያንዳንዷ በቃል ታስረዳለች፤ ማንበብ የማይችሉ አሉና። ጠዋት የኦፕራሲዮን ክፍሉ አስቀድሞ ይሞቃል። ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል። ሕፃን ማደንዘዝ የለመዱት ባለሙያ የሚገኙትም በዚያ ቀን ነው። ቀጭኗን መርፌ በዚያች ክር በምታህል ደም ሥር ለማስገባት የለመደ እጅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ልጅ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። ሌሎቻችን ኮሪደሩ ላይ እንቀመጣለን። አንዱ ልጅ ሲወጣ ሁላችንም እንነሳለን።

አሁን ይህ የለም። ልጁ ጾሞ ያድራል። ጠዋት የመኪና አደጋ ይመጣል፤ ልጁ ወደ ነገ ይተላለፋል። በማግስቱ ከሕንፃ የወደቀ ይመጣል፤ እንደገና ይተላለፋል። አደጋ የደረሰበት ሰው መቅደሙን አንቃወምም። እሱም የሰው ልጅ ነው። ግን የኛ ልጆች ተራ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው አደጋ በኋላ ከሆነ ተራቸው አይደርስም።

አንድ ጉዳይ እናንሳ። ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር እናት ናት። ልጇ አራት ወሩ ነበር፤ ጭንቅላቱ በየጊዜው ይጨምር ነበር። ዶክተሩ የልብስ ሰፊ ሜትር ሰጥተዋት በየሳምንቱ እንድትለካ አሳይተዋታል። ቅንድቡ ላይ፣ ከጆሮው በላይ፣ ከኋላ እብጠቱ ላይ አዙራ። ልኩን በትልቁ ልጇ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ትጽፋለች። ደብተሩን አይቼዋለሁ። 46። 47 ከምናምን። 49። አምስት ጊዜ ጾሞ አምስት ጊዜ ተመልሷል። የዓይኖቹ ብሌን ወደ ታች ወርዶ ከላይ ነጩ ብቻ ይታይ ነበር። ሐኪሞቹም እናትየውም በየራሳቸው ከምትጠልቅ ፀሐይ ጋር አመሳሰሉት። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለትና ተረፈ። ዛሬ ድምፅ ሲሰማ ይስቃል። መብራት ሲበራ ግን አይዞርም። በጭንቅላት ውስጥ ያለ ግፊት የዓይን ነርቭን ከጎዳ በኋላ ውሃው ቢወርድም ብርሃኑ አይመለስም።

ሌላዋ ጀርባዋ ክፍት ሆኖ የተወለደች ጨቅላ ናት። እንዲህ ያለ ክፍተት በተቻለ መጠን በተወለዱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መዘጋት አለበት፤ ካልሆነ ጀርሙ በዚያ በኩል ገብቶ ማጅራት ገትር ያመጣል። እሷ 16 ቀን ጠበቀች። ከረጢቱ ፈነዳ፤ ትኩሳት ጀመራት። አባትየው ጋቢውን አጣጥፎ ከሥሯ አንጥፎላት ነበር፣ በሆዷ ስለምትተኛ። በዚያው ጋቢ ጠቅልሎ ወሰዳት። ለክርስትና 80 ቀኗ አልደረሰም። ስም አልነበራትም፤ በካርዷም ላይ የተጻፈው "የእገሊት ሕፃን" የሚል ብቻ ነው።

በቢሯችሁ "ሁሉም ኒውሮሰርጀን ያው ነው፤ የሕፃናት የሚባል ለምን ያስፈልጋል?" ተብለን ተጠይቀናል። ኮሪደር ላይ በቆየንባቸው ዓመታት የገባንን እንመልስ። አራት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም 320 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ በጣም ያንሳል። በኦፕራሲዮን ጊዜ አንድ የቡና ሲኒ ደም ከፈሰሰው ከአምስት እጅ አንዱን አጣ ማለት ነው። አዋቂው ያንን ያህል ቢፈሰው አይሰማውም። የሕፃን ራስ ቅል ገና አልገጠመም። አንጎሉ ገና ውሃ የበዛበት ለስላሳ ነው። ውሃውን ከጭንቅላቱ እንዲያፈስ የሚተከልለት ቱቦ፣ ሸንት የሚባለው፣ አብሮት አያድግም፤ ትርፍ ካልተተወለት ልጁ ሲያድግ ያጥረዋል። ይህን የሚያውቅ እጅ በአንድ ጀንበር አይገኝም። ስድስት ዓመት ሕክምና ተማሩ። ከዚያ አገልግሎት። ከዚያ አምስት ዓመት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ። ከዚያ ውጭ አገር ሄደው በሕፃናት ላይ ብቻ ሠለጠኑ። የሠለጠኑበት አገር ቅሩ ብሏቸው ነበር። ተመለሱ። እኛ ከተመለሱ ጀምሮ ነው ልጅ ይዘን አዲስ አበባ መንከራተት የተውነው።

ይህች አገር የነርቭ ቀዶ ሐኪም በጣት የምትቆጥርበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን በጥቁር አንበሳ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ካለው ኮሪያ ሆስፒታል ጋር ተባብሮ። ከዚያ በኋላ ነው ዘውዲቱ ሆስፒታል የእነዚህ ልጆች መሰብሰቢያ የሆነው፤ በክልል ከተሞችም ሕክምናው የተጀመረው። አንድ ሐኪም ሌላውን እያስተማረ ነው እዚህ የተደረሰው። ለዚህ ነው ዶክተራችን "ሐኪም" ብቻ አይደሉም የምንለው። መምህር ናቸው። ከኋላቸው ስምንት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች፣ ተከትሏቸው ዋርድ ሲዞሩ እናያለን። እኛ ፊት ያስተምራሉ፤ ከኛም ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ለሬዚደንቶቹ "ሸንቱ መደፈኑን ከናንተ በፊት እናትየው ታውቃለች፤ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ" ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ወጣቶች ይጠይቁናል።

አሁን ወደሚያስቆጨን ጉዳይ እንምጣ። ስለ ምርምሩ ግማሽ ቀን ስንጠይቅ ከናንተ አንዱ "ምርምር ለእናንተ ምን ይጠቅማችኋል? እናንተ የምትፈልጉት ሕክምና ነው" አሉን። በቅንነት እንደተናገሩት እናምናለን። መልሳችን ግን ረዘም ይላል፤ ታገሡን።

ከኔ ልጀምር። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነኝ። ልጄ ስትወለድ ጎረቤት "እርግማን ነው" አለ። አማቴ ጸበል አስጠመቀቻት። እኔ ማታ ማታ ምን በድዬ ነው እያልኩ አለቅስ ነበር። ዶክተሩ ጋ ስቀርብ ሰማያዊ መዝገባቸውን ከፍተው ጠየቁኝ። ከየት ወረዳ ነሽ? እርግዝናውን ያወቅሽው ስንተኛው ወር ላይ ነው? ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን መቼ ጀመርሽ? በሁለተኛው ወር አልኳቸው። እስክሪብቶውን አስቀመጡና ጣታቸውን እየቆጠሩ አስረዱኝ። ፅንሱ የጀርባውን ክፍተት የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟንም አታውቅም። እኔ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንክብሉን ስቀበል የልጄ ጀርባ ጉዳይ ካበቃ ቆይቷል። "አንቺ አላጠፋሽም" አሉኝ። ቤቴ ሄጄ አደርኩ፤ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የምርምር ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የእንግሊዞች ጥናት ፎሊክ አሲድ ቀድመው በወሰዱ እናቶች ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ መቀነሱን አሳየ። እዚህ አገርም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች አሉ፤ በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊድ ከ100 በላይ በሚሆነው ላይ የነርቭ ቧንቧ ችግር፣ ማለትም ስፓይና ቢፊዳንና መሰሎቹን፣ አግኝተዋል። ይህ ቁጥር ባይቆጠር ማን ይሰማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደረጃ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ጉባኤ ምግብን በፎሊክ አሲድ ስለማበልጸግ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ ከፊት ሆነው ከጎተጎቱት መካከል የሕፃናት ኒውሮሰርጀኖች ነበሩ። የቀዶ ሐኪሞች ሥራ ስለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዱቄት ምን አገባቸው?

ገና ብዙ ይቀራል። የገጠሯ እናት የምትበላው የጤፍና የማሽላ እንጀራ ነው፤ የፋብሪካ ዱቄት እሷ ጋ አይደርስም። የትኛው ወረዳ እንደሚብስ፣ የትኛዋ እናት እንዳልተደረሰች የሚነግረን እንደዚያ ሰማያዊ መዝገብ ያለ ነገር ነው። ግማሽ ቀኑ ከተነሳ ወዲህ መዝገቡ አልተጻፈበትም። ጠረጴዛቸው ላይ እንዳለ ነው።

የጎረቤት ምሳሌም አለ። ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ኒውሮሰርጀን እ.ኤ.አ. በ2000 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ሄዱ። የሚያክሟቸውን ልጆች መዘገቡ። ሲቆጥሩት የአብዛኞቹ ውሃ የተጠራቀመው በተወለዱ ሰሞን በያዛቸው ኢንፌክሽን ምክንያት እንደሆነ ታየ። ሸንት ከተደፈነ ገጠር ያለች እናት ሆስፒታል እስክትደርስ ልጇ ይሞታል። ስለዚህ ዘዴ ፈለጉ። በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም መብራትና ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ አንጎል ውስጥ ለውሃው መፍሰሻ መክፈትና ውሃውን የሚያመነጨውን አካል መተኮስን አጣመሩ። ብዙ ልጆች ያለ ቱቦ መኖር ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ምባሌ ውስጥ በ100 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በአንድ ዓመት ውስጥ በልጆቹ አእምሮ ዕድገት በኩል ይህ ዘዴና ሸንቱ ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። እሳቸው ኋላ ሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆኑ። ፕሮፌሰርነታቸው የተገነባው ምባሌ ውስጥ፣ እንደኛ ባሉ እናቶች ልጆች ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

አንድ የምንወደው ታሪክ አለ። ጆን ሆልተር የሚባል ሰው ፊላደልፊያ ውስጥ የቁልፍ ፋብሪካ ቴክኒሺያን ነበር። ልጁ ኬሲ እንደ ልጆቻችን ሆኖ ተወለደ። አባትየው በሐኪሙ በዩጂን ስፒትዝ ፊት ቁጭ ብሎ የሸንቱ ቫልቭ፣ ውሃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል፣ ለምን እንደሚደፈን ጠየቀ። ቤቱ ሄዶ ከሲሊኮን የራሱን ሠራ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1956 ነው። ልጁ ብዙ አልቆየም። ቫልቩ ግን ስንቱን አኖረ። እኛ ይህን ታሪክ የሰማነው ከዶክተራችን ነው። ወላጅንና ተመራማሪ ሐኪምን አታለያዩ የምንለው ለዚህ ነው።

ከመካከላችን አንዱ አባት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እሱ እንዳስረዳን የዶክተራችን የማዕረግ ዕድገት ፋይል "የታተመ ሥራ ይጎድለዋል" ተብሎ ተመልሷል። በአንድ እጅ ለምርምር የሰጣችኋቸውን ጊዜ ወሰዳችሁ። በሌላው እጅ አልመረመሩም ብላችሁ ፋይላቸውን መለሳችሁ። ሌሊት ለአዋቂ አደጋ ተረኛ ሆነው ያድራሉ። ጠዋት የኛ ክሊኒክ ይሰረዛል። ማታ ደግሞ እንዲጽፉ ይጠበቃል። ሰው ናቸው። የግል ሆስፒታሎች እየጠሯቸው ነው፤ ውጭ አገርም በሩ ክፍት ነው። ቢሄዱ አንፈርድባቸውም።

አጠር አድርገን የምንጨምራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ኢንዶስኮፑ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። መብራቱ ተበላሽቶ ነበር፤ የጥገና ፎርሙ ፊርማ ሲጠብቅ ወራት አለፉ። ሸንትም ሲያልቅ "ውዱ ስላልመጣ ነው" እንባላለን። ዋርፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የሕንዱን ርካሽ ሸንት ከአሜሪካው ውድ ሸንት ጋር አወዳድረው በአንድ ዓመት ውጤት ልዩነት አላገኙም። ርካሹ ይግባልን፤ እኛ ደስ ይለናል።

ሌላው ስለ ነርሷ ነው። ልጆቻችን ብዙዎቹ ሽንታቸውን መቆጣጠር አይችሉም። በቀን አራት አምስት ጊዜ በቀጭን ቱቦ ማውጣት አለብን፤ ካልሆነ ኩላሊታቸው ይበላሻል። ይህን ያስተማረችን አንዲት ነርስ ናት። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሁን ራሷ ታወጣለች። በክፍል ደወል መካከል፣ መስታወት ይዛ፣ በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት። ውሳኔው ሲወጣ ነርሷም ወደ ሌላ ዋርድ ተዛወረች። አዲስ የሚመጡ እናቶችን አሁን የምናስተምረው እኛው ነን፣ ኮሪደር ላይ፣ ነጠላ ጋርደን።

የምንጠይቀው ይህ ነው።

ረቡዕ እንደ ቀድሞው ለሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ብቻ ይሁን። ለድንገተኛ አደጋ ሌላ ጠረጴዛ ይመደብ። ጀርባው ክፍት ሆኖ የተወለደ ሕፃን ቀኑ ረቡዕ ባይሆንም በሦስት ቀን ውስጥ ተራ ያግኝ።

የሕፃናት ኒውሮሰርጀን የሥራ መደብ በመዋቅር ይጻፍ፤ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል። የምርምሩ ግማሽ ቀን ይመለስ፤ መዝገቡን የሚያግዝ አንድ ሠራተኛ ይመደብ። መዝገብ መያዝና ሬዚደንት ማስተማር ለማዕረግ ዕድገት እንደ ሥራ ይቆጠር። ፋይላቸውም እንደገና ይታይ።

የኢንዶስኮፑ የጥገና ፎርም በዚህ ሳምንት ይፈረም። ነርሷ ወደ ቦታዋ ትመለስ።

ከሬዚደንቶቹ ቢያንስ አንዱ ወይም አንዷ ለሕፃናት ኒውሮሰርጀሪ ሥልጠና ይላክ። ዶክተራችን ቢታመሙ እንኳ የምንሄድበት አጥተናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዶክተራችንን ጥሯቸውና አነጋግሯቸው፤ የመልቀቂያው ቀን ሳይሞላ። ከኛም ሦስት ሰው ይቀመጥ። በማንኛውም ቀን እንመጣለን፤ ልጆቻችንን ይዘን። መልሳችሁን በጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። የመዝገብ ቤቱ ቁጥር ማመልከቻችን ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

የወላጆቹ ተወካይና ጸሐፊ፣
የመጀመሪያ ደረጃ መምህርትና የሰባት ዓመት ልጅ እናት

ግልባጭ፦
ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል
ለነርሲንግ ዳይሬክተር
ለ43ቱ ወላጆች